በማንጎው ጥላ የተቆረጠመው በረዶ

«ትእዛዝዎን ሊሰርዙ ከሆነ ተሰርዟል» አለች ፐርላ፣ በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ቀና ብላ ሳታይ። «ከጠዋት ጀምሮ የመጣ ሁሉ የሚለኝ ይህንኑ ነው። ይሂዱ በቃ፤ አልቀየምዎትም።»

«እኔ እንኳ አንድ ልበላ ነበር የመጣሁት» አለች ሴትዮዋ።

ፐርላ ያን ጊዜ ቀና አለች። ያበባ ቀሚስ የለበሰች፣ ጸጉሯ ለመሸበት የቀረበ፣ ላቧን በመሐረብ የምትጠርግ ሴት ናት። ፊቷን አታውቀውም።

«ያልሰሙ ነዎት መሰለኝ። አባቴ ትናንት ይህን በልቶ ነው የሞተው። የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ። ኢንስፔክተር ኔኒታ ባልሜዎ እባላለሁ። ሌሎቹ ከዚያው ሳጥን በልተው ደህና ናቸው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረውስ ከዚያው ነው?»

«ከአንድ ሳፋ ነው የቀዳሁት።»

«እንግዲያው ስጪኝ። ከጣቢያ እዚህ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ፐርላ ከማቀዝቀዣው አንድ የበረዶ ከረሜላ አውጥታ ሰጠቻት። በጠባብና ረጅም ላስቲክ ውስጥ የተሞላ፣ ጫፉ የታሰረ፣ ሎሚማ ቀለም ያለው ነው። ኔኒታ የላስቲኩን ጠርዝ በጥርሷ ቀደደችና ነከሰች። በረዶው አልተሰበረም፤ እንደ ረጠበ አሸዋ ምላሷ ላይ ፈረሰ። ብርዱ ካለፈ በኋላ የኮኮናት አረቄው ጉሮሮዋን አሞቀው።

«አይጠነክርም እንዴ?»

«አረቄ ያለበት መቼ ይጠነክራል። ለዚህ እኮ ነው ወንዶቹ በጣታቸው እየጨመቁ የሚመርጡት። የለሰለሰው አረቄው በዝቶበታል ይላሉ። ሁሉም እኩል ነው ብላቸውም አያምኑኝ፤ ሳጥኑን ከበው እንደ ማንጎ ገዢ ይጨምቃሉ።» ልትስቅ ቃጥቷት ነበር፤ ተወችው።

ኔኒታ በረዶዋን ጨረሰች። የምትናገረውን ማዘግየቷ ነበር።

«ፐርላ፣ የጣቢያው አዛዥ ሳይመሽ መኪና ይዞ ይመጣል። ወደ ክፍለ ሀገሩ እስር ቤት ሊወስድሽ ነው። በረዶውን የሠራሽው አንቺ፣ በማቀዝቀዣ ያኖርሽው አንቺ፤ ለእሱ ይህ ይበቃዋል። የምትነግሪኝ ካለ ያለሽ ጊዜ እስከዚያው ነው።»

ልጅቷ የማቀዝቀዣውን በር ዘጋችና መዳፏን እላዩ ላይ አሳረፈች።

«የለም» አለች። «የምነግርዎ የለም።»

ኔኒታ ብዙ ውሸታሞች አይታለች። ይህች ልጅ አልዋሸቻትም፤ የሆነ ነገር ቆልፋ ይዛለች። ለምን ብሎ ሰው ራሱን የሚያስጥል ነገር ይቆልፋል?

*

ሬሳው ሌሊቱን በሐኪም ተመርምሮ ወደ ቤቱ ተመልሷል። የፐርላ አባት፣ በመንደሩ የአክብሮት አጠራር ማንግ አንሴልሞ፣ ሳሎኑ መካከል ክዳኑ መስተዋት በሆነ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኮኮናት ዛፍ ላይ የወጡ እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሐኪሙ የገደለው የጥንዚዛ ፀረ ተባይ እንደሆነ ተናግሯል፤ ያ ደግሞ በመንደሩ የኮኮናት እርሻ ባለው ሰው ሁሉ ጓዳ የሚገኝ ነው።

ኔኒታ ከሬሳው አጠገብ ሆና ለሐኪሙ ስልክ ደወለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ረስቼ ነው። አልኮልስ ነበረበት?»

«ጠብታ የለም። እኔም ገርሞኛል፤ አረቄ ጠማቂ ብላችሁኝ አልነበር?» አላት። «እጁ ላይ የተገኘው ላስቲክም ያው ነው። የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳርና መርዝ። ሌላ የለውም።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ጓሮ ወጣች።

የበዓሉ ዋዜማ ግብዣ የተደረገው በማንጎው ዛፍ ሥር ነበር። የቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ሲደርስ አረቄው በአንድ ብርጭቆ እየዞረ ይጠጣል፤ ቀጂው፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ የመጀመሪያውን እሱ ይቀምሳል፣ «አረቄዬ ንጹሕ ነው» ማለቱ ነው። ዘንድሮ ሙቀቱ ቢጠና ፐርላ አረቄውን በሎሚ አቅጥና በረዶ አደረገችው። ልማዱ ግን አልተለወጠም። ማንግ አንሴልሞ ሳጥኑ ውስጥ እጁን ሰዶ ጨመቅ ጨመቅ አደረገ፣ አንዱን መርጦ በላ፣ ከዚያ ለሌሎቹ አደለ። ጊታር መቺው ማንግ ኢሶንግ የያዘው ዘፈን ሳያልቅ አንሴልሞ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ።

ወንበሮቹ እንደነበሩ ናቸው። ባዶዎቹ ላስቲኮችም በየወንበሩ ሥር ወድቀዋል፤ የነካቸው የለም። ሬሳ በቤት እያለ ቤትም ደጅም አይጠረግም፤ የጠረገ ሌላ ሞት ይጠራል። ኔኒታም እናቷ ስትሞት ሳምንቱን ሙሉ በአቧራ ላይ ተቀምጣለች። መጥረጊያ ያነሣ ሰው ቢኖር ኖሮ ትናንትናውኑ መንደሩ ሁሉ ያወራለት ነበር።

ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከሰማያዊው ወንበር ሥር የወደቀው ላስቲክ በጉንዳን ተወሯል። ውስጡ ላይ ነጭ፣ ክር የመሰለ ነገር ተለጥፏል። አሸተተችው። በመሐረቧ አንስታ ኪሷ ከተተችው፤ የሌሎቹንም እንዲሁ።

*

ሟቹን ያገባችው ሮሳውራ ጓዳ ውስጥ ሆና ለለቀስተኛ ብስኩት ትደረድር ነበር። የአንሴልሞ ሁለተኛ ሚስት ናት።

«ፐርላ ናት» አለች ሮሳውራ ገና ሳትጠየቅ። «የእንጀራ ልጄ ስለሆነች አይደለም የምለው። ከጾሙ ወዲህ አባትና ልጅ ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ እኔ ስመጣ ዝም ይላሉ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ።»

«እሱስ እንዴት ሰነበተ?»

«ተለውጦ። እህል አይበላለትም፤ ያስባል። ደግሞ ማንኮራፋት ተወ። ሌላዋ ሴት ባሏ ሲያንኮራፋ ነው ከእንቅልፏ የምትነቃው። እኔ ዝም ብሎብኝ እየነቃሁ ይተነፍስ እንደሆን አዳምጥ ነበር።» ብስኩቱን ትታ ዓይኗን ጠረገች። «ትናንትም እንደዚያ አዳመጥኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ማንኮራፋት የተወው?»

«ከዚያ ሰርግ ወዲህ ይመስለኛል። ከወንዝ ማዶው።»

ኔኒታ ሰርጉን ታውቀዋለች። ከጾሙ መግቢያ ቀደም ብሎ የሙሽራዋ አባትና አንድ አጎቷ ሰርጉ ላይ በጠጡት አረቄ ሞተዋል፤ የቀለም ማቅጠኛ አልኮል ተቀላቅሎበት ነበር። አረቄውን ማን እንደጠመቀው አልታወቀም። ምርመራውን የያዘችው እሷው ነበረች። ባዶ እጇን ነው የተመለሰችው።

ማንግ ኢሶንግ ደጃፉ ላይ ጊታሩን ታቅፎ ተቀምጧል። ዓይኑ በሞራ ተሸፍኗል።

«ያየሁትን ከሆነ የምትጠይቂኝ ከንቱ ደክመሻል፣ ልጄ» አላት። «እኔ ቄሱንና ሌባውን በሳላቸው ነው የምለያቸው።»

«የሰሙትን ይንገሩኝ።»

«አንሴልሞ ሲቆረጥም ሰማሁ። ውሻ አጥንት እንዳገኘ ሁሉ። ‹ቀስ በል፣ አንተ ሽማግሌ፣ የቀሩህን ጥርሶች ልትጨርስ ነው› አልኩት። ሳቀ። የመጨረሻ ሳቁ ነች።» ጊታሩን ትንሽ ዳሰሰው። «ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ሰው መቁረጠም ጀመረ። ሁለቱ ቀርጨም ቀርጨም ያደርጋሉ፣ እኔ እንደ ሕፃን እመጥጣለሁ። ለእኔ ሲሆን ብቻ የቀለጠውን ይሰጡኛል ብዬ ከፋኝ።»

«ሁለተኛው ማን ነበር?»

«ወንበር ከወንበር የሚለይ ጆሮ የለኝም። በግራዬ በኩል መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።»

ሦስተኛ ያነጋገረችው ኩላስን ነው፤ የፐርላ እናት ወንድም፣ ሰፊና ሞቅ ያለ ሰው። አንሴልሞ የጠመቀውን በመኪናው እየጫነ በየገበያው የሚያደርስ እሱ ነበር። ኔኒታ ስትመጣ ለቀስተኛ እያስተናገደ ነው፤ ወንበር አመጣላት፣ ውኃ አመጣላት፣ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

«ወንድሜ ነበር። እህቴ ከሞተች በኋላም ወንድሜ ነበር።»

«ሳጥኑን ከፐርላ ቤት ያመጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። እሷ ጫነችልኝ፣ እኔ ይዤ መጣሁ። የትም አልቆምኩም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷን አደራዎን። ልጅ ናት። ምን ነክቷት እንደሆን እንጃ፤ የደም ክፋት አይደለም።»

«ማንግ አንሴልሞ የቱን መረጡ?»

«የለሰለሰውን ነዋ። አረቄ ካልበዛበት መቼ ይነካል እሱ።»

«እርስዎስ?»

«እኔም ከለሰለሰው። ሞቅ ብሎኝ ነበር እንዲያውም።» ውኃውን ራሱ ጠጣው። «ስንጠምቅ ስንጠጣ ያረጀን ሰዎች ነን፣ ኢንስፔክተር።»

*

አዛዡ ሳይመሽ ደረሰ። ኔኒታ ከመኪናው ሳይወርድ አነጋገረችው፤ ፊቱን አጨፈገገና ሰዓቱን አይቶ ተከትሏት ገባ። ሁሉም ሬሳው ባለበት ሳሎን ተቀምጠዋል። ፐርላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ትንሽ ሻንጣ እግሯ ሥር አድርጋለች።

ኔኒታ ከፐርላ ማቀዝቀዣ ያስመጣቻቸውን የበረዶ ከረሜላዎች በትሪ አድርጋ ለእያንዳንዳቸው አደለች።

«ሬሳ ፊት?» አለች ሮሳውራ።

«ይቅር ይበሉኝ። በአፍ ካልሆነ የማይገባ ነገር ስላለ ነው። ከዚሁ ሳፋ እኔ ጠዋት በልቻለሁ፣ አልሞትኩም። ማንግ ኢሶንግ፣ እስቲ ይንከሱልኝ።»

ሽማግሌው ነከሰ፤ ጆሮው ቆመ። «አይቆረጠምም» አለ።

«አይቆረጠምም። አረቄ ያለበት አይጠነክርም። ትናንት ግን ሁለት ሰዎች ሲቆረጥሙ ሰምተዋል። ስለዚህ ከሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች አረቄ የሌለበት በረዶ በልተዋል። አንደኛው ማንግ አንሴልሞ ናቸው፤ ሐኪሙም ሆዳቸው ውስጥ ጠብታ አልኮል አላገኘም። እትዬ ሮሳውራ፣ ባለቤትዎ ማንኮራፋት የተዉት አረቄ ስለተዉ ነው። በዓሉም ሲመጣ ሰው ፊት እንደ ሁልጊዜው እየጨመቁ የመረጡት የለሰለሰውን አልነበረም፤ የጠነከረውን ነበር። ለእሳቸው ብቻ የተሠራውን።» ወደ ፐርላ ዞረች። «ቆልፈሽ የያዝሽው ይህንን ነው።»

ፐርላ ወደ ሬሳው ዞረች።

«ልጄ» አለ ማንግ ኢሶንግ በዝግታ፣ «አሁን እሱ አይሰማሽም። ተናገሪ።»

«አስማለኝ» አለች ፐርላ። «አረቄ ጠማቂ የራሱን አረቄ ፈርቶ ተወ ከተባለ ማን ይጠጣለታል፣ አለኝ። ለእንግዶቹ የቀዳሁትን በምላሱ ሞክሮ ተፋውና ይህ ደህና ነው አለኝ፤ ለምን እንደተወ ግን አልነገረኝም። ከበዓሉ በኋላ ሁሉንም ትሰሚያለሽ ነው ያለኝ። በለጋ ኮኮናት ውኃ ሠራሁለት፤ የፍሬውን ነጭ ሥጋ ፍቄ ጨመርኩበት፣ ቀጭን ቀጭን አድርጌ። ይወደው ነበር። ይህንን ብናገር መርዙን ያደረግሁበት እኔ እንደሆንኩ ራሴ መሰከርኩ ማለት አይደል? ስሙም ይጠፋል፣ እኔም እጠፋለሁ። ስሙ እንኳ ይትረፍ ብዬ ነው።»

አዛዡ ኔኒታን አያት፤ «ይኸው አመነች» የሚል አስተያየት ነበር።

«አላመነችም» አለች ኔኒታ። «ማንግ አንሴልሞ እጃቸው ላይ የተገኘው ላስቲክ ውስጥ የነበረው ሎሚና ስኳር ነው። የኮኮናት ውኃ የለውም፤ የተፈቀፈቀ ሥጋ የለውም። ፐርላ የሠራችውን አልበሉም። አንድ ሰው የእሷን አውጥቶ የራሱን ተክቷል። የራሱንም አረቄ አልጨመረበትም፤ ለምን ቢባል፣ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ካልተገኘ ማንግ አንሴልሞ እንደማይመርጡት ያውቃል። ይህን ሰው ለማግኘት ሁለት ነገር መጠየቅ ይበቃል። አረቄ መተዋቸውን ማን ያውቅ ነበር? የፐርላስ በረዶ የት ገባ?»

ከኪሷ በመሐረብ የተጠቀለለውን ላስቲክ አውጥታ ትሪው ላይ ዘረጋችው። ነጩ ፍቅፋቂ ከነጉንዳኑ ደርቆ ተጣብቋል። ፐርላ ጠጋ ብላ አየችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የአባቴ ነው።»

«ከሰማያዊው ወንበር ሥር ነው ያነሳሁት። ከማንግ ኢሶንግ በስተግራ። እዚያ ማን ነበር የተቀመጠው?»

ሮሳውራ ወደ ኩላስ ዞር አለች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ኩላስ በረዶውን በእጁ እንደያዘ ነው። አልቀደደውም። ሌሎቹ ሲመጥጡ፣ ኔኒታ ስትናገር፣ በእሱ መዳፍ ውስጥ ቀልጦ ውኃ ሆኗል፤ ከላስቲኩ ላይ የወረደው ጠል ሱሪውን አርሶታል።

«ይብሉት እንጂ፣ ማንግ ኩላስ» አለች ኔኒታ። «ከለሰለሰው በልቼ ሞቅ ብሎኝ ነበር ብለውኝ የለም? የእርስዎ ዘመድ የጠመቀው፣ የእህትዎ ልጅ የሠራችው ነው።»

«አላሰኘኝም።»

«ትናንትም አላሰኘዎትም። የፐርላን በረዶ መንገድ ላይ ጥለውት ቢሆን ኖሮ እኔ እስካሁን ምንም አልነበረኝም። ግን ሰው መሃል ተቀምጠው የሆነ ነገር መብላት ነበረብዎ፤ አረቄ ያለበትን ደግሞ አልደፈሩም። አረቄውን ፐርላ የቀዳችው ከመጋዘኑ ነው፣ በእርስዎ መኪና ከሚመላለሱት ጄሪካኖች። የቀለም ማቅጠኛውን የጨመሩበት የትኛው እንደሆነ ራስዎም ለይተው አያውቁም። ከወንዝ ማዶ ሰርጉ ላይ የሆነውን አይተዋል። እዚህ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ሳይጨነቅ በላ፤ የፈሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው መስተዋቱ ሥር ተኝተዋል።»

 ኩላስ የቀለጠውን ላስቲክ ከእግሩ አጠገብ፣ መሬት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ።

«ጥቂት ነበር የጨመርኩት» አለ። «ለሁሉም እንዲዳረስ። ገበያው ይጠይቃል፣ ዛፉ አይሰጥም። ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

«እሳቸውስ እንዴት አወቁ?»

«ከሰርጉ በኋላ ቀሪውን ቀመሰው። አፉ ውስጥ እንዳለ ተፋው። ምላሱን ማን ያታልለዋል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሬሳው ሣጥን ተመለከተ። «አልጮኸብኝም። ጠብቄህ ነበር፣ ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ፣ አለኝ። አረቄ መተዉን፣ ፐርላ ለብቻው እንደምትሠራለት፣ ሁሉንም የነገረኝ ራሱ ነው። ከበዓሉ በኋላ ጣቢያ እንሄዳለን አለ። አብረን። እጄን ይዞ ነው ያለኝ።»

«እጅዎን ይዘው» አለች ኔኒታ።

«እኔ ደግሞ መሄዱን አልቻልኩም።»

«እኔን እስር ቤት ልትልከኝ ነበር፣ አጎቴ» አለች ፐርላ። ድምፅዋ አልከረረም። «ቅድም ሻንጣዬን አንተ ነህ ያወረድክልኝ።»

 ማንግ ኢሶንግ ጊታሩን ከጭኑ አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

አዛዡ ኩላስን በመኪናው ይዞት ሄደ። መንደሩ በዓሉን አላከበረም። ማንግ አንሴልሞ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ፤ ከወንዝ ማዶ የሙሽራዋ ቤተሰቦች መጥተው ከለቀስተኛው ራቅ ብለው ቆሙ፣ ፐርላም አባቷ ሊናገር የነበረውን ልትነግራቸው ወደ እነሱ ሄደች።